የጓሮው በር

ቶፎ፣ ሞዛምቢክ
ማርች 9 ቀን 1998

ይድረስ ለአክስቴ ለቢ ዙሌኻ ሲማይ፣ ጃምቢያኒ፣ ዛንዚባር፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ፣ የደጅሽን መደብ ሰው አያሳጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ስታነቢ መጀመሪያ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጣውን ጨርሰሽ፣ ውሃ ጠጥተሽ፣ ከዚህ መስመር ጀምረሽ አንብቢው።

ከኢድ በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ አንቺ በችካል የምታለሚውን የባሕር አረም ልትለቅሚ ወደ ውሃ በወረድሽበት ሰዓት፣ ሰማያዊውን ሻንጣ ከጓዳ አውጥቼ አዘልኩትና በጓሮው በር ወጣሁ። እስከ ዳሬሰላም በመርከብ፣ ከዚያ እስከ ምትዋራ በአውቶቡስ ሄድኩ፣ የድንበሩን ወንዝ ሩቩማን በታንኳ ተሻገርኩ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት የጭነት መኪና ሁሉ ላይ እየተንጠላጠልኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚህ ደረስኩ። ያልነገርኩሽ፣ ብነግርሽ እንደማልሄድ ስለማውቅ ነው።

ለምን ሄድክ ትይኛለሽ። እናቴ ሞታ አንቺ ቤት ስገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። በስምንት ዓመቴ አንቺ ዘንድ ከፍሎ የሚያድር ፈረንጅ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሻንጣ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ቤታችን በራሴ ላይ ተሸክሜ አመጣሁ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሻንጣ ሳወርድ፣ ውሃ ስቀዳ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስል ኖርኩ። እነሱ ይመጣሉ፣ ባዶ እግራቸውን አሸዋው ላይ ይዘረጋሉ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ እንኳ አያውቁም። ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ። እኔም በሕይወቴ አንድ ጊዜ የሰው ደጅ ላይ ቆሜ «ሆዲ» ብዬ፣ ከውስጥ «ግባ፣ ግባ» ስባል ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቶፎ ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ናት። ባሕሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው ይላሉ፣ ግን የእኛው ዝምተኛ ነው፤ ይኸኛው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እዚህም የሚቸኩል ሰው የለም። እኛ ቤት እንደሚመጡት ያሉ መንገደኞች ሻንጣቸውን አዝለው ይመጡና ለሦስት ቀን ብለው ሦስት ሳምንት ይቀመጣሉ። እኔ ያረፍኩት ዶና ግራሳ የምትባል መበለት ቤት ነው። ስደርስ ውሃ አቀረቡልኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። ክፍሌ ወደ ባሕሩ የሚያይ መስኮት አለው። እንከኑን ንገረኝ ካልሽ፣ ለአንድ ሰው አንድ ትራስ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ አጎበሩም በደንብ አልታሰረም። በየጠዋቱ አሥራ አራት አንሶላ ይታጠባል፣ የጉድጓዱ ውሃ ጨው ስላለበት ግን ይኮሰኩሳል። አንቺ ብታዪው ታብጂ ነበር።

ሻንጣውን በመውሰዴ አውፍ በይኝ። ዱዓሽን እንጂ ሌላ አልፈልግም።

የወንድምሽ ልጅ ፓንዱ


ጃምቢያኒ
ኤፕሪል 14 ቀን 1998

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፓንዱ፤

ወአለይኩም ሰላም። በሰላም የወሰደህ አላህ በሰላም ይመልስህ፤ እግርህን እንቅፋት አይምታው፤ የበላህበት ቤት አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ወትሮው ነው።

ደብዳቤህን ትናንት ሸሃው ራሱ አመጣልኝ። የመንደር ሹም ነኝና ላንብብልሽ ብሎ መነጽሩን ሲያወጣ፣ «ዓይኔ ገና አልጠፋም» ብዬ አሰናበትኩት። መልሱን እንደ ልማዴ በዓረብኛው ፊደል ነው የጻፍኩልህ። እዚያ አገር ከአንተ በቀር የሚያነበው የለም፣ ስለዚህ የልቤን እናገራለሁ።

የዚያን ዕለት ከባሕር ስመለስ ጠራሁህ። ውሃ ልትቀዳ የሄድክ መስሎኝ ምሳህን ከደንኩ። ራትህንም ከደንኩ። በሦስተኛው ቀን ጓዳውን ስከፍት ሻንጣው የለም፤ ያኔ ገባኝ። የሰመጠ ሰው ሻንጣ ይዞ አይሄድም ብዬ ተጽናናሁ። እንዲህ ያለውን መጽናናት አላህ ለጠላቴም አይስጠው።

ስለ ሻንጣው ግን ዝም አልልህም። ያቺ ዴንማርካዊት ልጅ «በሳምንቴ እመለሳለሁ» ብላ አደራ ሰጥታኝ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናትም አደራ አደራ ነው። እዚህ ቤት የሰው መርፌ ወድቆ ጠፍቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ አደራ በላ ያለኝ ሰው የለም፣ አንተ በእርጅናዬ ልታስብለኝ ነው። እባክህ አትክፈተው። ከፍተኸው ከሆነም የነበረውን እንደነበረ መልስበት።

አንሶላ የሚቆጥር መንገደኛ ደግሞ ገና ዛሬ ሰማሁ። በዚህ ቤት ያለፈው ሁሉ ትኋን ሲቆጥር ነው የማውቀው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የጓሮውን በር እቀረቅረዋለሁ። የጎረቤታችን የቢ ሐዲያ ፍየል ሰው አለመኖሩን አወቀችና እየገባች አላስቀምጥ አለችኝ። የምለብሰውን ቢጫውን ጨርቅ፣ ካንጋዬን ከገመድ ላይ አውርዳ በላችብኝ። ለባለቤቷ እንዳልነግራት አንነጋገርም። ባሕር ውስጥ በተተከለ ችካል፣ ያንቺ አረም የእኔን ገፋው በሚል አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፍን ሰዎች በፍየል ልንታረቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዓመት መለወጫችን የምዋካ በዓል ጁላይ ላይ ነው። በዚያ ቀን እንግዳ ያልገባበት ቤት ዓመቱን ሙሉ እንደማይቀናው ታውቃለህ። እህቴ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ እየመጣች እንግዳዬ ትሆን ነበር። አምና በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞተች፣ ቤቴም ያለ እንግዳ ዋለ። ሸሃው እንደሆነ «ከፍሎ የሚያድር ደንበኛ ነው እንጂ እንግዳ አይባልም» ብሎ ፈርዷል፣ ሳስበው ልክ ነው። ቢ ሐዲያ ከሴቶቹ ጋር ሜዳውን እየዞረች ምን ብላ እንደዘፈነችብኝ አንተም ቆመህ ሰምተሃል።

ቤቷ በፈረንጅ ሞልቶ
አንድ እንግዳ አጣች ከቶ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ዘንድሮ አልችለውም። ለምዋካ ድረስልኝ።

አክስትህ ዙሌኻ


ቶፎ
ሜይ 12 ቀን 1998

ይድረስ ለአክስቴ ለቢ ዙሌኻ፤

አሰላሙ አለይኩም። ለወገብሽ ሽፋውን ይስጥሽ፤ ለፍየሏም ልብ ይስጣት። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ለጁምዓ አቆየሁት።

ሻንጣውን ከፍቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። አንድ የሱፍ ሹራብ፣ የማላነበው መጽሐፍ፣ ገመድና አጎበር ነው ያለው። በዚህ ሙቀት የሱፍ ሹራብ ይዛ የምትዞር ልጅ ሻንጣዋን ብትረሳ ምን ይገርማል። ከአጎበሩ በቀር የነካሁት የለም።

ስለ ኑሮዬ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ መንገደኞቹ አሸዋው ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እኔም አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። አንዱ ዞር ብሎ ሁለት ቢራ እንዳመጣለት አዘዘኝ። «እኔም እንደናንተ መንገደኛ ነኝ» ስለው በጣም አዘነ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ግን አላናገረኝም፤ ምን እንደሚለኝ የጠፋው ይመስለኛል። የመንደሩ ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ሰላም ይሉኛል፣ እኔ ሰላምታዋን ብቻ እመልሳለሁ፣ እነሱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ደጎች ናቸው። ግን ደግነት ቋንቋ ሲያጣ ቶሎ ያልቃል።

ጁምዓ ጁምዓ ለሶላት ኢንሃምባኔ ከተማ እሄዳለሁ። ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ለምሳ ወደየቤቱ ይጣደፋል። እኔም የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስል አብሬያቸው ፈጠን ፈጠን እያልኩ እወጣለሁ። ከመስጊዱ ጥግ ስደርስ ነው እርምጃዬን የምቀንሰው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኦክቶፐሱን ድንጋይ ላይ ስንት ጊዜ ነው የምትመቺው? የኮኮናቱ ወተትስ ከጨው በፊት ነው የሚገባው ወይስ በኋላ? ዶና ግራሳ ልትሞክረው ፈልጋ ነው።

ስለ ምዋካ፣ እኔ ብመጣ ምን ይጠቅምሻል? የቤቱ ልጅ ነኝ። አምናም እዚያው ነበርኩ፣ ቤቱ ግን ባዶ ተባለ።

የወንድምሽ ልጅ ፓንዱ


ጃምቢያኒ
ጁን 3 ቀን 1998

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፓንዱ፤

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርህ፣ ከራስህም ምላስ ይጠብቅህ።

ኦክቶፐሱ ሃምሳ ጊዜ ይመታል፤ ትልቅ ከሆነ ሰባ። ጭራሹን ለስልሶ እጅህ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ መውደቅ አለበት። መጀመሪያ በራሱ ውሃ ብቻ ይበስላል። የኮኮናቱ ወተት ይከተላል። ጨው መጨረሻ፤ ቀድመህ ከጨመርክ ይደርቅብሃል።

እንግዲህ ስማኝ ፓንዱ። እንግዳ ይበላል እንጂ አሠራር አይጠይቅም። በመጀመሪያ ትራስ አልክ፣ አጎበር አልክ፣ አንሶላ ቆጠርክ። አሁን ደግሞ ኦክቶፐስ። አንተ እዚያ ቤት ተቀጥረህ እየሠራህ ነው። መጀመሪያ አልጋ ታነጥፍ ነበር፣ አሁን ወጥ ቤት አስገብተውሃል። ሥራ ነውር አይደለም፣ እኔም ሠርቼ ነው ያሳደግኩህ። ወደ ባሕር የሚያይ መስኮት አለኝ ብለህ መዋሸትህ ነው ያንገበገበኝ። ለማን ብለህ ነው? እኔ አንተን እንጂ መስኮትህን መች ጠየቅኩ?

ስለ ምዋካ ግን የጠየቅኸው ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ሸሃው ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መደቡ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ «አምና የቤት ልጅ ነበር፣ አይቆጠርም። ዘንድሮ ሻንጣ አዝሎ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ እንግዳ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ስለዚህ እንግዳዬ ሆነህ ና። በፊት ለፊቱ በር ቆመህ «ሆዲ» በል። አዲሱን ምንጣፍ አነጥፍልሃለሁ። ክፍል አንድን አጽድቼልሃለሁ። ውሃ አትቀዳም፣ ሻንጣ አትሸከምም። የጓሮውን አልጋህን ፈትቼ ገመዱን ለባሕር አረሙ ወሰድኩት፣ ከእንግዲህ እዚያ አትተኛም።

ይኸው የተመኘኸው መጣልህ። መንገድ የምትጀምርበትን ቀን ጻፍልኝ።

አክስትህ ዙሌኻ


ጃምቢያኒ
ጁን 22 ቀን 1998

ይድረስ ለፓንዱ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። መልስህ ስላልመጣ ደገምኩ። ምናልባት የፊተኛው ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

በዓሉ አንድ ወር ቀረው። ክፍል ሁለት ውስጥ አንድ ረጅም ሆላንዳዊ አለ፤ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ከታች በርጩማ አስጠግቼለታለሁ። መጥፎ ልጅ አይደለም። ምናልባት አንተ ብትዘገይ ብዬ፣ «በዚያን ቀን ሒሳብ የለም፣ የኔ እንግዳ ነህ» አልኩት። ፊቱ ቀላ። «የለም እማማ፣ አንቺን አልጎዳም» አለኝ። ለመንኩት። ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ የበዓሉን ቀን ሒሳብ አስቀድሞ ከሻይ ብርጭቆው ሥር አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ከእነዚህ ልጆች ጋር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ መስጠት ያውቃሉ፣ መቀበል አልተማሩም።

አንተን ነው የምጠብቀው። ከሰዓት ከሰዓት መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሚኒባሱ ሲቆም ቀና እላለሁ። የሚወርደው ሁሉ ሻንጣ ያዘለ ነው፣ አንተ ግን አይደለህም።

አክስትህ


ቶፎ
ጁን 30 ቀን 1998

ለቢ ዙሌኻ ሲማይ፤

አሰላሙ አለይኩም። የጁን መጀመሪያውን ደብዳቤ አገኘሁ።

ልክ ነሽ፣ መስኮት የለኝም። እውነቱን ልንገርሽ። የደረስኩ ቀን ከዶና ግራሳ በር ላይ ቆሜ እንደ አገራችን «ሆዲ» አልኩ። ዘበኛው ወጣና ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የማን ሻንጣ ነው?» አለኝ። «የሰው ነው» አልኩት። «ባለቤቱ ወዴት አለ?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው የሚመጣ መስሎት መንገዱን አሻግሮ ያይ ነበር። እንግዳ መሆኔን ሳልነግረው ዶና ግራሳ ወጣችና ሥራ ፈላጊ መሰልኳት፤ የጓሮውን በር አሳየችኝ። በዚያ ገባሁ። ነቀዝ ያለበት የሩዝ ጆንያ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። ውሃ ያቀረበልኝ የለም፤ ውሃ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

አንቺ ግን ያደረግሽው ከሱ ይብሳል። በምድር ላይ «ሆዲ» ሳልል የምገባበት አንድ ቤት ነበረኝ። በፊት ለፊቱ በር ዕድሜዬን ሙሉ ገብቼ አላውቅም፤ የኔ በር የጓሮው ነበር። አሁን በሩን ቀርቅረሽዋል፣ አልጋዬን ፈትተሽዋል፣ ሸሃውና ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው እንግዳ ነው ብለው ፈርደውብኛል። አንቺም ደስ ብሎሽ እየሮጥሽ ቤት ገባሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እንግዲህ እንግዳ ከሆንኩ፣ «በሳምንቴ እመለሳለሁ» ብለው እንደማይመለሱት ቁጠሪኝ።

ፓንዱ


ጃምቢያኒ
ጁላይ 26 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለፓንዱ፤

ወአለይኩም ሰላም። አላህ እኔ የሰበርኩትን ልብህን ይጠግንልህ። ይህን ደብዳቤ ወደ ደቡብ ለሚሄደው ለሆላንዳዊው ሰጥቼዋለሁ፤ ቶፎ ካጣህ እስኪያገኝህ እንዲይዘው አደራ ብዬዋለሁ። አደራ ምን እንደሆነ ግማሽ ቀን አስረድቼዋለሁ።

የጻፍክልኝ የበዓሉ ዋዜማ ደረሰኝ። አንብቤ አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በነጋታው ግን ሰው ነኝና ተነሳሁ። ቅመም ያለበትን ሩዝ፣ ፒላው ሠራሁ፣ ኦክቶፐስ ሠራሁ፣ አዲሱን ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሜዳው ላይም ወጣሁ። ወንዶቹ በሙዝ ግንድ እየተደባደቡ የዓመት ቂማቸውን ተወጡ፣ ለአሮጌው ዓመት መሸኛ የተሠራችው ጎጆ ተቃጠለች፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ዞሩ። የሐዲያን ስድብ ስጠብቅ ከመሃላቸው አጣኋት። ጨርሳ አልወጣችም።

ቤቴ ተመልሼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከየቤቱ ጫጫታ ይሰማል። ከሐዲያ ቤት ደግሞ የወንድ ድምፅ፣ ሳቅ፣ ዘፈን። ልጇ ከዳሬሰላም ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ነው አልኩ፣ ቅናት በላኝ። የዙሁር ሶላት አለፈ፣ የአስር ሶላት ደረሰ። ፒላው በረደ። ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሄደ።

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። እንግዳ ወደ ቤቱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። በሩን ዘጋሁ፣ ድስቱን በካንጋ ቋጥሬ ታቀፍኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጥኩትን ደጅ ረገጥኩ። ለሰው ሁሉ ግባ ስል የኖርኩ ሴትዮ «ሆዲ» ለማለት ምላሴ ተሳሰረ። በሁለተኛው ነው የወጣልኝ።

ከውስጥ ዘፈኑ ቀጥ አለ። ሰው ሳይሆን ራዲዮ ኖሯል።

«ማነው?» አለች ሐዲያ።

«እንግዳ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ በሩን በትንሹ ገርበብ አድርጋ አየችኝ፣ ድስቱን አየች። «እንግዳ ድስት ይዞ አይመጣም» አለችኝ። «እሱን እዚያ አስቀምጪና ግቢ።»

ምንጣፏ ተነጥፏል። ሳህን ተደርድሯል። አንድም ሰው የለም። ልጇ አልመጣም ፓንዱ፣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አላፊ አግዳሚው እንግዳ ያላት መስሎት እንዲያልፍ ጠዋት ራዲዮኑን ከፍታ በሩን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። አምና እኔን የሰደበች ጊዜም ቤቷ ባዶ ነበር፣ አሁን ነገረችኝ። «ቀድሜ ካልሰደብኩሽ ትሰድቢኛለሽ ብዬ ነው» አለች።

ለመታጠብ ማንቆርቆሪያውን ላነሳ ስል እጄን መታችኝ። «ተቀመጪ እንጂ፣ እንግዳ ነሽ» ብላ ራሷ አፈሰሰችልኝ። ልጄ፣ ባሌ ከሞተ ጀምሮ እጄ ላይ ውሃ ያፈሰሰልኝ ሰው አልነበረም። ሞቅ ያለ ውሃ ነበር። እጄን የት እንደማደርሰው ጠፍቶኝ ዘርግቼው ቀረሁ፣ እንባዬ መጣ። ሐዲያ አይታ እንዳላየች ሆነች።

እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ሰው ውሃ ስታፈስ ኖርክ፣ አንድ ቀን ላንተ አላፈሰስኩልህም። አንድ ቀን። የሄድከው እሱን ፍለጋ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሻንጣ አደራ እቆጥርብህ ነበር። አውፍ በለኝ።

ሌላም ገባኝ። ከበላን በኋላ ሐዲያ ታጥባለች፣ እኔ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ብል ቁጭ ብል አልሆንልህ አለኝ። መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም፣ ጨው የት እንዳለ አላውቅም፣ መቼ ተነስቼ መሄድ እንዳለብኝ አላውቅም። እንግድነት ለአንድ ከሰዓት ይጣፍጣል። ከዚያ በኋላ ሰው መጥረጊያው ያለበትን ማወቅ ያምረዋል። እኔ ክብር መስሎኝ እንግዳ ስልህ ከዚህ ሁሉ ነበር ለካ ያወጣሁህ።

ስለዚህ የሸሃውን ፍርድ ሻርኩት። ነገርኩትም፤ ተቆጥቷል፣ ይቆጣ። ቤቴ እንግዳ አይደለም ያጣው። የአልጋህን ገመድ ከባሕር ፈትቼ አመጣሁ፤ ጨው ስለጠጣ ትንሽ ያሳክክሃል። መልሼ ጠፈርኩት። ክፍል አንድን ለመንገደኛ አከራይቻለሁ። ስትመጣ ምንጣፍ የለም። መጀመሪያ ውሃ አፈስልሃለሁ፣ ከዚያ አንተ ጉድጓዱን ትጠርጋለህ፤ ቅጠል ሞልቶበታል።

የጓሮውን በር ከሐሙስ ጀምሮ አልቀረቅረውም። የሐዲያ ፍየል እንደ ልቧ ትገባለች፣ ትናንት የጸሎት ምንጣፌን ጠርዝ በላች። ሐዲያ በገመድ ልሰራት ብትለኝ ተያት አልኳት። እሷን ብዬ በሩን ብዘጋው አንተ መጥተህ ገፍተኸው እንዳትመለስ እፈራለሁ።

አክስትህ ዙሌኻ


ምትዋራ፣ ታንዛኒያ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1998

ይድረስ ለአክስቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሆላንዳዊው ቶፎ አጥቶኝ እስከ ኢንሃምባኔ መስጊድ በር ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልሎት ነበር። ትናንት ሩቩማን ተሻገርኩ። ሹራቡም መጽሐፉም በሻንጣው ውስጥ እንደነበሩ ናቸው፤ አጎበሩንም የተቀደደበትን ሰፍቼዋለሁ።

ፍየሏን እሰሪያት።

ፓንዱ